እናቴን ስኳር በሻሿ ቋጥራ ያዝኳት

የአንባቢ ደብዳቤ

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። 27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሦስት ወር በፊት ውሃ ጥሙ ሲበዛባት፣ ሌሊትም ሦስት አራቴ ለሽንት ስትነሳ ጊዜ ወስጄ አስመረመርኳት። በባዶ ሆዷ ስኳሯ 214 ሆነ። ግፊቷም 150 በ95። ሐኪሙ ኪኒን ጀመረላትና "አመጋገብ አስተካክሉ" ብሎ ሸኘን። ምኑን እንደምናስተካክል አልጠየቅንም። ከኋላችን ያለው ወረፋ ረጅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ለወጥኩት። ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን እኔ ያዝኩ። በስኳሩ ፈንታ የላስታ ነጭ ማር ገዛሁላት። ለእሷ ለብቻዋ ጨው የሌለው ሽሮና ጎመን እሠራለሁ። ቅቤ፣ ሥጋና ድንች ከለከልኳት። እንጀራ ቀንሼ ቡናማ ዳቦ ተካሁ። ለጎረቤቶቹም "ስኳር እንዳትሰጧት" ብዬ ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ። ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቆሜ ሲኒዋን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሻሿን ላጥብ ሳነሳ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ተቋጥሯል። ገንዘብ መስሎኝ ፈታሁት። ስኳር ነው! ደሜ ፈላ። ሻሹን ይዤ ጎረቤት ቡና ላይ ወደተቀመጠችበት ሄጄ በሰው ፊት ጮህኩባት። ምንም አልመለሰችልኝም። ሻሿን ከእጄ ተቀብላ ተነሳች። ማታ ላይ ብቻ "ከስኳሩ በፊት አንቺ ነሽ የምትገድይኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አናወራም።

አክስቴ ደግሞ ኪኒኑን ትታ የሽፈራው ቅጠል እያፈላች እንድትጠጣ ትገፋፋታለች። እናቴ ረመዳንንም እንደ ወትሮው እጾማለሁ ትላለች። ወንድሜ "ተያት፣ ያሰኛትን ትብላ" ይለኛል። አባቴንም ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ አጥተነዋል። ቀጠሮዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልተዋት ወይስ ልጥበቅ?

ቁልፍ ያዥዋ ነኝ፣ ከደሴ


መልስ

ውድ ቁልፍ ያዥዋ፣

ይቅር በይኝና ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ሻሹ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የሻሽ ጫፍ እናቶቻችን ለእቁብና ለለቅሶ የሚወጣ ብር የሚቋጥሩበት ቦታ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። ስለ ማሩ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ሽሮው ዘርዝረሽ ጽፈሽ አባትሽን በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፈሻቸዋል። "አጥተነዋል" ብለሽ ወዲያው ወደ ቀጠሮው ዘለልሽ።

እስቲ እዚያች ላይ ትንሽ እንቁም። ያኔ 23 ዓመትሽ ነበር። ምን ምን አየሽ? እግራቸው ቆስሎ ነበር? ዓይናቸው ደክሞ ነበር? አልነገርሽኝም፤ መንገርም የለብሽም። ግን ያኔ ያየሽው ነገር ይመስለኛል ዛሬ ቁልፉን ያስያዘሽ። በጎረቤት ፊት ያስጮኸሽም እሱው ነው።

አሁን ደግሞ እናትሽን አስቢያቸው። ባለቤታቸውን አጠገባቸው ሆነው ያስታመሙ ሰው ናቸው። ስኳር ቤት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቃሉ። ታዲያ 214 ሲባሉ ምን የተሰማቸው ይመስልሻል? ያን ቀን ከሐኪም ቤት ወጥታችሁ ታክሲ እስክትይዙ ምን አወራችሁ? ምናልባት ምንም። የፈራ ሰው ሁሉ እንደ አንቺ ቁልፍ አይጨብጥም። አንዳንዱ እንዳልሰማ ይሆናል። ጎረቤት ሄዶ ቡናውን እንደ ትናንቱ አጣፍጦ ይጠጣል። እንደ ትናንቱ ከጠጣሁ ዛሬም እንደ ትናንቱ ነኝ ይላል በልቡ።

ደግሞ ቡናው ቀላል ቦታ አይደለም። እኛ ወሎዬዎች ቡና ላይ ምን እንደምናደርግ አንቺን አላስተምርሽም። እጣኑ ይጨሳል፣ ዱአው ይደረጋል፣ ክርስቲያኗም እስላሟም አሜን ይላሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። እናትሽ እዚያ ሲቀመጡ መራቂ ናቸው፤ ቃላቸው ይሰማል። ልጃቸው ከኋላ ቆማ ሲኒያቸውን ስትቆጥር ግን ታማሚ ይሆናሉ። በየቤቱ ዞረሽ "ስኳር እንዳትሰጧት" ማለትሽስ? አንቺ ለጤናቸው ብለሽ ነው። እሳቸው ጋ የደረሰው ግን ሰፈሩ ሁሉ ስኳር እንደያዛቸው ማወቁ ነው። ይሄን መጀመሪያ መናገር ያለባቸው እሳቸው አልነበሩም ወይ?

ልተዋት ወይስ ልጥበቅ ብለሽኛል። ሁለቱንም አልመክርሽም። የወንድምሽ "ተያት" ሲሰሙት የዋህ ይመስላል፣ ነገር ግን ሸክሙን ካንቺ ትከሻ አንስቶ መሬት ላይ መጣል ነው። 214 የሚተው ቁጥር አይደለም። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ126 ጀምሮ የስኳር በሽታ ነው የሚባለው። ከፍ እንዳለ ዓመታት ከቆየ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭንና የደም ሥርን ይጎዳል። ግፊቱ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ስጋትሽ እውነት ነው። መንገዱን ነው የምንቀይረው።

መጀመሪያ እርቁ። ነገ ቡና ሳይፈላ ቀደም ብለሽ ከሰሉን አያይዢ፣ ሲኒውን እጠቢ፣ ቄጠማም ካለ ጎዝጉዢ። ጎረቤቶቹ ሲሰበሰቡ፣ የጮኽሽው እነሱ ፊት ነበርና ይቅርታውንም እነሱ ፊት በይው። "እማዬ፣ አባዬን አስቤ ፈራሁ፤ አጥፍቻለሁ" ማለት ይበቃል። ከዚያ ቁልፉን ረከቦቱ ላይ አስቀምጪው። "ግን ደግሞ አንቺም..." የምትለዋን ነገር ለዚያ ቀን ዋጫት። እኔን ካመንሽኝ፣ ይሄ ከሽሮው ጨው በፊት የሚቀድም ነገር ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ እንምጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። 25 ግራም ማለት ስድስት ማንኪያ ነው። እናትሽ በየሲኒው ሁለት ሁለት የሚጨምሩ ከሆነ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ስድስቱ በአንድ ቁጭታ አለቀ። ጠዋትና ከሰዓት ከሆነ ደግሞ 12። የጠዋቱን ሻይ ገና አልቆጠርንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደግሞ እንዳይከፋሽ። ማሩ አይረዳቸውም። የላስታን ማር ክፉ ስም ልሰጠው አልፈልግም፣ ጥሩ ማር ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ያው ስኳር ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደዚያው ከፍ ያደርጋል። ቡናማ ዳቦውም ብዙ ጊዜ ስሙ ነው ቡናማ። ዱቄቱ የተፈተገ ስንዴ ከሆነ ከእንጀራ አይሻልም። ጤፉ ቢያንስ ከነልጣጩ ነው የሚፈጨው። አየሽ፣ ይሄን ሁሉ ጦርነት ከፍተሽ በበሩ ያስወጣሽውን በመስኮት አስገብተሽዋል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። "አመጋገብ አስተካክሉ" የምትል አንዲት ቃል ይዞ የተሸኘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

በሽታው የሚመጣው ስኳር በመላስ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች ኢንሱሊንን፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር፣ በቁልፍ ይመስሉታል (የአንቺን ስም አልሰሙም መሰለኝ)። የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ድንች ሁሉ ተፈጭቶ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ኢንሱሊን ደግሞ የሰውነትን በር ከፍቶ ያስገባዋል። በዘር፣ በዕድሜ፣ በክብደት፣ ቁጭ ብሎ በመዋል ቁልፉ እየሟለጠ ሲሄድ ስኳሩ ውጭ ደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የምናየው ትሪውን በሙሉ ነው። የእናትሽ ትሪ ላይ ስንት እንጀራ ይቀርባል? ፓስታ በእንጀራ ይበላል? ከድንች ወጥ በኋላ ለቡና ቁርስ ዳቦ ይቆረሳል? አንድ ቀን ምንም ሳትናገሪ ተመልከቺ። መመልከት ብቻ።

ለምግቡ ማንን አማካሪ እንደማደርግልሽ ታውቂያለሽ? እናትሽን። ደሴ ላይ ተቀምጠሽ የምግብ ዕቅድ ከስልክ ላይ አትፈልጊ። ከለጋምቦና ከወረኢሉ ደጋ ገብሱ ይወርዳል፣ ከቃሉ ቆላ ማሽላው ይወጣል፣ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ዓሣ አለ፣ ከመርሳ ፓፓያና ብርቱካን ይመጣል። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) ምግቡ ከሆድ ቶሎ እንዳይወጣ፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ባንዴ እንዳይገነፍል ያዘገየዋል። ቅንጬው፣ ሽምብራ ጣል ያለበት ቆሎው፣ ስኳርም ማርም ያልተበጠበጠበት በሶው፣ እነዚህ እናትሽ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሠሯቸው ናቸው። "እማዬ፣ አያቴ ገብሱን እንዴት ነበር የምትሠራው?" ብለሽ ጠይቂያቸው። የጠየቅሽው ሰው ኩሽናውን መልሶ ይይዛል። ለቡና ቁርስ ዳቦው ቀርቶ አንድ እፍኝ ቆሎ ቢሆን ማን ቅር ይለዋል? ቡና ላይ ቆሎ ነውር ሆኖ አያውቅም። እፍኝ ያልኩሽ ግን እፍኝ ነው፤ ሰፌዱ ጭናቸው ላይ ከተቀመጠ ወሬው ሲረዝም ቆሎውም ያልቃል።

ለብቻቸው የምትሠሪውን ሽሮ ተይው። የተለየ ድስት የበሽተኛ ድስት ነው። አንድ ወጥ ሥሪ፣ ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ። ትሪው ላይ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ ወይ ሰላጣው ግማሹን ቦታ ይያዝ፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ዓሣው ወይ እንቁላሉ ሩቡን፤ እንጀራው የቀረውን። ከጎመኑ መጀመር ከእንጀራው ከመጀመር ይሻላል፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሁለት እንጀራ የሚበሉ ከነበሩ መጀመሪያ ወደ አንድ ተኩል አውርዱት። ሥጋውን ጨርሶ መከልከል አላስፈለገም ነበር። ጮማውን ትተሽ ቀዩን፣ በመጠኑ። ቅቤውን ቀንሺ። ዘይት ስትገዢ የደሴ ብርድ ሲነካው ከሚረጋው ይልቅ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ምረጪ። ፍራፍሬ ይብሉ፣ ግን ተልጦ ተቆርጦ። ጭማቂ ቤት ገብተው ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ ከጠጡ የቡናውን ድካም ሁሉ ባንድ ብርጭቆ አፈሰሱት ማለት ነው።

ስለ አንቺስ? ለስላሳ ትጠጫለሽ? አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስምንት ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። አባትሽም እናትሽም ስኳር ካለባቸው ያንቺም የወንድምሽም ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስታችሁም በባዶ ሆድ ሄዳችሁ ብትለኩስ? እናትሽ ብቻቸውን የሚመረመሩበት ቀን አይሆንም። "ያሰኛትን ትብላ" የሚለው ወንድምሽም ጣቱን ሲወጋ ምን እንደሚል አያለሁ።

ጨው ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ግፊቱን ሁሉ ሰው ይረሳዋል። ለአንድ አዋቂ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ዳቦውም በርበሬውም ውስጥ ያለው አብሮ ተቆጥሮ። በቤት መለኪያ ልንገርሽ። እናንተ ሦስት ናችሁ። አንድ ኪሎ ጨው ለሦስት ሰው ቢያንስ ሁለት ወር ማለፍ አለበት። ዛሬ አዲስ ስትከፍቺ ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን ጻፊበት። በ30 ቀን ካለቀ መልሱን ራሱ ጨው ነገረሽ። የሾርባ ማጣፈጫውን ካለ አውጪው፤ ዋናው ይዘቱ ጨው ነው። ጨርሶ ጨው የሌለው ሽሮ ግን ቅጣት ነው። እኔም አልበላውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ አብዢበት፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ጨውን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺ። ምላስ ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል እንጂ።

ለስኳሩም እንደዚያው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ "ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በቃኝ" ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ የባልደረባዬን ሻይ "የኔ መስሎኝ" ብዬ ጨለጥኩት። ኋላ የተሳካልኝ በግማሽ ማንኪያ ሲቀነስ ነው። እናትሽም በሁለት ማንኪያ ፈንታ አንድ ተኩል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ እያሉ ይውረዱ። ፍጥነቱን እሳቸው ይወስኑ። ምናልባት አቦሉን በትንሹ አጣፍጠው በረካውን መራራ መጠጣት ይመርጡ ይሆናል። ጤና አዳም ጣል ሲደረግበት መራራው ይለዝባል። በነገራችን ላይ ገጠር አያቶቻችን ቡናውን በጨው ነበር የሚጠጡት። ግፊት ላለበት ሰው ይሄን አልመክርም። ግን ስኳር ራሱ ለቡናችን የኋላ እንግዳ መሆኑን ቡና ላይ አንሺላቸው፣ ጨዋታ ይሆናል።

ምግብ ከተበላ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ስኳሩን ያወርዳል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት አያጣም። ለስፖርት ውጪ ማለት ሳይሆን "ነይ ገበያ አድርሺኝ" ማለት ይሻላል።

አክስትሽ። እሳቸውን አትጣዪ። ሽፈራው እንደ ጎመን ተቀቅሎ ቢበላ ቅጠል ነው፣ አይከለከልም። ኪኒኑን አስትቶ በእሱ መተካት ግን አደጋ ነው። ስኳር ከፍ ሲል ሁልጊዜ አያምም፣ ሰው ዳንኩ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። እንደውም አክስትሽን ለቀጠሮው ይዘሻቸው ሂጂ። ቅጠሉንም ይያዙት። ሐኪሙ ፊት ይጠይቁ። አንቺ ከምትከራከሪያቸው ነጭ ጋዋን የለበሰው ቢነግራቸው ይሻላል። ኪኒኑ ሜትፎርሚን ከሆነ ሆድ ሊያውክ ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። እናትሽ የአክስትሽን ምክር የሚያዳምጡት ሆዳቸውን ስለሚነካቸው እንዳይሆን ጠይቂያቸው። ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚተወው በዚህ ነው፣ ግን አፍሮ አይናገርም።

ረመዳን ላይ "አትጾሚም" ብለሽ አትጀምሪ። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሰው ናቸው። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ራሱ ፈቃድ እንደሰጠ ሼሁ ይንገሯቸው፤ መጾም ይችላሉ ወይ የሚለውን ደግሞ ሐኪሙ። ሁለቱንም የሚያገኟቸው ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር ተኩል ያህል በፊት ይሁን፣ ምክንያቱም የኪኒኑ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ይጹሙ ከተባለ ሱሁር አይዘለልም። ማፍጠሪያው ላይ ከአንድ ሁለት ተምር በኋላ ሳምቡሳውና ጣፋጩ እንዳይደራረብ። በጾም ሰዓት ጣት ተወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ፣ ይሄንንም ሼሁን ጠይቁ። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ግን ያን ዕለት ያፈጥራሉ። ይሄን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ በተራበ ሆድ ክርክር አይቻልም።

አንድ ሥራ ላንቺ ብቻ ልስጥሽ። ማታ ማታ እግራቸውን እጠቢያቸው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ሙቀቱን በክንድሽ ለኪው፤ ስኳር ያለበት ሰው እግር ሲደነዝዝ ሙቀት ላይለይ ይችላል። በጣቶቹ መሀል አድርቂ። ተረከዙን፣ የጣቶቹን ሥር፣ ጫማ የሚነካውን ቦታ እያሽ ዳስሺ። ቁስል፣ ስንጥቅ ወይ መቅላት ካየሽ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ። አባትሽን እያሰብሽ ሲኒ ከምትቆጥሪ እዚህ ላይ ያለሽን ጭንቀት ሁሉ አውጪ። እዚህ ይጠቅማል። እያጠብሽም ምናልባት ስለ አባትሽ ታወራላችሁ ይሆናል። ምናልባትም ዝም ትሉ ይሆናል።

ለቀጠሮው እናትሽ ራሳቸው ካርዳቸውን ይያዙ፣ ራሳቸው ይናገሩ። አንቺ አጠገባቸው ተቀመጪና ሐኪሙ ከረሳ ሦስት ነገር አስታውሺ፤ ዓይናቸው መቼ ይታያል፣ ኩላሊታቸው መቼ ይመረመራል፣ የኪኒኑ ስም ማን ነው። የመጨረሻውን በደንብ ጠይቂ። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን ከሆነ ወይም ወደፊት ከተጨመረ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል፣ በተለይ ምግብ ሲዘለል። ላብ ያሰምጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ዓይን ያጭበረብራል፣ ሰው ይቀባዥራል። ያኔ ወዲያው አራት ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ያቺ ሰዓት ስትመጣ አንቺ ሥራ ላይ ብትሆኚ፣ ቁልፉም ቦርሳሽ ውስጥ ቢሆንስ? ስለዚህ ቁም ሳጥኑ ከዛሬ ጀምሮ አይቆለፍም።

እንዲህ ያለ ኪኒን ለሚወስድ ሰው ሐኪሞች ከቤት ሲወጣ ትንሽ ስኳር ወይ ከረሜላ እንዲይዝ ይመክራሉ። ለእናትሽም እንደዚያ ካሏቸው ሻሹን አምጪና በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ጫፉ ላይ አንቺ ራስሽ ቋጥሪላቸው።